ለቮልስ የትኛው ማርሚታ ይስማማል? የጭስ መውጫ ቱቦ ፊዚክስ

የመኪና ሞተር አየር ይስባል፣ ከነዳጅ ጋር አቀላቅሎ ያቃጥላል፣ የተቃጠለውንም ጋዝ ያስወጣል። ከእነዚህ ሦስት ተግባራት መካከል ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ይጻፋል፣ ብዙም ይነገራል። ሦስተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው ማርሚታ ተበስቶ ሰፈሩ ሲረበሽ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጭስ የሚወጣበት መንገድ የሙቀት፣ የድምፅና የሞገድ ፊዚክስ በአንድነት የሚገናኙበት ስፍራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሞተሯ ያልተነካካ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች አንዲት አሮጌ ቮልስ ማርሚታዋ ዝጎ ቢበሳ ባለቤቷ ምን ዓይነት ምትክ ይግዛላት? ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ወደፊት እንደምንመለከተው፣ በተሳሳተ ምርጫ ምክንያት የሞተሩ ዕድሜ ሊያጥር፣ ከዚያም አልፎ የተሳፋሪዎቹ ሕይወት ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል።

በገበያ የሚገኙትን ምትኮች በአራት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን። አንደኛው የፋብሪካውን ቅርጽ የተከተለው ባለ ሁለት ጅራት ማርሚታ ነው። ሁለተኛው የአራቱን ሲሊንደሮች ቱቦዎች አንድ ቦታ ላይ አገናኝቶ በአንድ ድምፅ ማፈኛ በኩል የሚያስወጣው ሲሆን፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «አራት በአንድ» እንለዋለን። ሦስተኛው የቀኙንና የግራውን ወገን ሲሊንደሮች ለየብቻ የሚያስወጣ ነው። አራተኛው ደግሞ ድምፅ ማፈኛ ጨርሶ የሌለው ክፍት ቱቦ ነው። ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉም ለገበያ የሚቀርቡት «ጉልበት ይጨምራሉ» እየተባለ ነው። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለመመርመር በቅድሚያ ሞተሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

መኪናዋና ሞተሯ

ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈርዲናንድ ፖርሸ መሪነት በጀርመን አገር የተነደፈች መኪና ናት። በብዛት መመረት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ፣ በፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስከ ወጣችበት ጊዜ ድረስ ከ21 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ተመርታለች። በአዲስ አበባ ጎዳናዎችም ከሌሎች አዳዲስ መኪኖች ጋር እየተጋፋች እስከ ዛሬ ትታያለች።

ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ ሲሆን፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ተጋድመው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ራዲያተርም ውኃም የለውም። በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ የሚገፋው አየር በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ክንፎች መካከል እያለፈ ያቀዘቅዘዋል። የታወቀው ባለ 1,192 ሲ.ሲ. ሞተር ከእ.ኤ.አ. 1960 ወዲህ በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ 34 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ባለ 1,584 ሲ.ሲ. ሞተር ደግሞ በ4,000 ዙር 50 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ስሌታችንን የምናደርገው በትንሹ ሞተር ላይ ነው፤ መርሁ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይህ ሞተር ዝግተኛ ነው። ዋነኛ ኃይሉን የሚያገኘው ከ4,000 ዙር በታች ነው። በገበያ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ምትክ ማርሚታዎች ግን መነሻቸው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ የቮልስ ሞተር ለእሽቅድምድምና ለአሸዋማ በረሃ መኪኖች በሰፊው ይዘጋጅ ነበር። እነዚያ ሞተሮች ሲሊንደራቸው ሰፍቶ፣ ቫልቫቸውና ካርቡሬተራቸው ተለውጦ እስከ 6,000 እና 7,000 ዙር የሚሽከረከሩ ነበሩ። ለእነርሱ የተበጀ ቱቦ ላልተነካካ ሞተር ይበጃል ማለት ለሯጭ የተሰፋ ጫማ ለአራሽ ገበሬም ይሆናል እንደማለት ነው።

የፋብሪካው ማርሚታ አራት ተግባራት

ማርሚታ ጭስ ማስወጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ቀላል በሆነ ነበር። በቮልስ ላይ ግን አራት ሥራዎች ተደራርበውበታል።

የመጀመሪያው ጋዙን ማስወጣት ነው። ሁለተኛው ድምፁን ማፈን ነው። ሦስተኛው የመኪናዋን ውስጥ ማሞቅ ነው። ውኃ ስለሌላት እንደ ሌሎች መኪኖች በፈላ ውኃ ልትሞቅ አትችልም። በመሆኑም ከፊተኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ማለትም ከ1ኛውና ከ3ኛው የሚወጣው ጭስ በሁለት የማሞቂያ ሣጥኖች ውስጥ ያልፋል። ሣጥኖቹ ውስጥ ቱቦውን የከበቡ የአሉሚኒየም ክንፎች አሉ። ማራገቢያው የሚልከው ንጹሕ አየር በክንፎቹ መካከል ሲያልፍ ሞቆ ወደ ተሳፋሪዎቹና ወደ ፊት መስታወቱ ይሄዳል። የኋለኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች፣ 2ኛውና 4ኛው፣ ጭሳቸውን በአጭር ቱቦ በቀጥታ ወደ ማርሚታው ያስገባሉ።

አራተኛው ተግባር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ከማርሚታው ተነሥታ ከካርቡሬተሩ በታች የምታልፍ አንዲት ቀጭን ቱቦ አለች። ሥራዋ ትኩስ ጭስ እያሳለፈች የአየርና የቤንዚን ድብልቅ የሚያልፍበትን ቱቦ ማሞቅ ነው። ይህ ለምን አስፈለገ? ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይጠጣል፤ ለ1 ኪሎ ግራም 350 ኪሎ ጁል ያህል። 1 ኪሎ ቤንዚን ደግሞ ወደ 15 ኪሎ ከሚሆን አየር ጋር ይቀላቀላል። 1 ኪሎ አየርን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 1 ኪሎ ጁል ያህል መውሰድ ስለሚበቃ፣ ነዳጁ በሙሉ ቢተን የድብልቁ ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። እንግዲህ የአዲስ አበባን የክረምት ጧት እናስብ። አየሩ 12 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከፍተኛ ነው። ከ12 ላይ 20 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት በቱቦው ግድግዳ ላይ በረዶ ይሠራል፤ ሞተሩም ያንቃል፣ ይጠፋል። ለዚህች ቱቦ መጋጠሚያ የሌለው ምትክ ማርሚታ የገዛ ሰው በክረምት ካርቡሬተሩን ደጋግሞ ቢያስፈታም በሽታውን አያገኘውም።

ሞተር ተቃውሞ ይፈልጋልን?

በመካኒኮች ዘንድ ሁለት ተቃራኒ አባባሎች ይሰማሉ። አንዱ «ማርሚታ በሰፋ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል» ይላል። ሌላው «ሞተር ከኋላው ትንሽ የሚገታው ነገር ካልተገኘ ጉልበት ያጣል» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለቱም በቁጥር ሲፈተኑ ይጎድላሉ።

የመጀመሪያውን እንመርምር። 34 የፈረስ ጉልበት 25 ኪሎ ዋት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በ3,600 ዙር በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 30 ጊዜ ኃይል ይሰጣል። 25,000 ዋትን በ30 ጊዜና በ0.001192 ሜትር ኩብ ብናካፍል በፒስተኖቹ ላይ ያለው አማካይ ውጤታማ ግፊት ወደ 700 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። አሁን የፋብሪካው ማርሚታ ጭሱን በ10 ኪሎ ፓስካል ይገታዋል ብለን እናስብ፤ ይህም የባሕር ጠለል አየር ግፊት አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ተቃውሞውን በሙሉ ብናስወግድ እንኳ የምናተርፈው ከ700 ላይ 10፣ ማለትም 1.4 በመቶ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ጋዝ በመቀነሱ የሚገኘውን ጥቂት ትርፍ ብንጨምርበት ጠቅላላው ከ1 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም። ባልተነካካ ሞተር ላይ የማርሚታ ለውጥ ተአምር የማይሠራው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው አባባል ውስጥ ያለው እውነት ሞተሩ የሚፈልገው መገታትን ሳይሆን የጋዙን ፍጥነት መሆኑ ነው። ከሲሊንደር በፍጥነት የሚወጣ ጋዝ እንደማንኛውም ክብደት ያለው ነገር በጉዞው ይቀጥላል፤ ከኋላው የቀረውንም ይስባል። በገበያ ያሉት የ«አራት በአንድ» ቱቦዎች ውጫዊ ስፋታቸው በአብዛኛው 35፣ 38 ወይም 41 ሚ.ሜ. ነው። የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚ.ሜ. ቢሆን የትንሹ ውስጣዊ ስፋት 32፣ የትልቁ 38 ሚ.ሜ. ይሆናል። የመተላለፊያው ስፋት በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚያድግ ትልቁ ከትንሹ በ41 በመቶ ይበልጣል። ያው ጋዝ በሰፊው ቱቦ ሲያልፍ ፍጥነቱ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዝቅተኛ ዙር፣ ዳገት ላይ ጉልበት በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ የሚስበው ኃይል የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ላልተነካካ ሞተር «አራት በአንድ» የሚመርጥ ሰው ጠባቡን፣ የ35 ሚ.ሜ. ቱቦውን ቢይዝ ይሻለዋል።

ሞገዱ የሚመለሰው መቼ ነው?

የጭስ ቫልቭ ሲከፈት ከጋዙ ጋር የግፊት ሞገድ ይነሣል። ሞገዱ በድምፅ ፍጥነት ተጉዞ ቱቦው ወደሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ከፊሉ ይንጸባረቃል። ሲመለስ ግን ተገልብጦ ነው፤ ከፍተኛ ግፊት ሆኖ የሄደው ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ይመጣል። ይህ ዝቅተኛ ግፊት ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ቢደርስ የቀረውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል። የእሽቅድምድም ቱቦዎች ርዝመት የሚለካው ለዚህ ነው።

በቮልስ ላይ ይህን ማድረግ ይቻላልን? በ15 ዲግሪ አየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ነው። የጋዝ ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱ በኬልቪን ሙቀቱ ካሬ ሥር ያድጋል። 900 ኬልቪን በሆነ ጭስ ውስጥ በሰከንድ 590 ሜትር ያህል ይደርሳል። በፋብሪካው መለኪያ መሠረት የጭስ ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆየው ዋናው ዘንግ 228 ዲግሪ ያህል እስኪዞር ነው። በ3,600 ዙር ይህ 10.6 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞገዱ 6 ሜትር ከሩብ ያህል ይጓዛል። ጉዞው ደርሶ መልስ ስለሆነ የሚያስፈልገው ቱቦ 3 ሜትር ያህል ነው። የመኪናዋ ጠቅላላ ርዝመት 4 ሜትር ገደማ መሆኑን ላስታወሰ፣ አራት ባለ 3 ሜትር ቱቦዎች ከሞተሩ ሥር የሚቀመጡበት ቦታ እንደሌለ ግልጽ ነው። ሞተሩ 7,200 ዙር ቢሽከረከር ርዝመቱ በግማሽ ይቀንስ ነበር፤ የእኛ ሞተር ግን እዚያ አይደርስም።

ሌላም እንቅፋት አለ። ይህ ጠረጋ ውጤት የሚኖረው የጭሱና የአየሩ ቫልቮች አብረው በሚከፈቱበት ቅጽበት ነው። በእሽቅድምድም ሞተር ይህ ጊዜ ረጅም ነው። ባልተነካካ ቮልስ ግን በፋብሪካው መለኪያ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ በር ሞገዱ ቢደርስም ብዙ ሥራ አይሠራም።

ቀኝና ግራን መለየት

ሦስተኛውን ወገን፣ ማለትም ቀኝና ግራ ለየብቻ የሚያስወጣውን ማርሚታ ለመገምገም የሲሊንደሮቹን ተራ ማወቅ በቂ ነው። የቮልስ ሞተር የሚተኩሰው በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ተራ ሲሆን በመካከላቸው 180 ዲግሪ አለ። 1ኛውና 2ኛው በቀኝ፣ 3ኛውና 4ኛው በግራ ናቸው። እንግዲህ በቀኝ በኩል 2ኛው ከተኮሰ በኋላ 1ኛው በ180 ዲግሪ ይከተለዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን 540 ዲግሪ ዝምታ ነው። በግራም እንዲሁ። ሁለቱ ትፋቶች እየተጋፉ ይወጣሉ፤ ከዚያም ቱቦው ባዶ ይቀመጣል። እኩል ልዩነት የሚገኘው 1ኛው ከ3ኛው፣ 2ኛው ከ4ኛው ጋር ቢጣመሩ ወይም አራቱም በአንድ ቢገናኙ ነው። ቀኝና ግራ የተለየበት ማርሚታ ለየት ያለ ድምፅ አለው፤ ውበትም አለው የሚሉ አሉ። በፊዚክስ ዓይን ግን የተሻለ መንገድ አይደለም።

ከፍታ የሚወስደውና ማርሚታ የማይመልሰው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ በሳበው አየር ክብደት ስለሚወሰን 34ቱ የፈረስ ጉልበት ወደ 25 ወይም 26 ይወርዳል። ከፍታው ከ8 የፈረስ ጉልበት በላይ ሲወስድ፣ ማርሚታው የሚመልሰው ከ1 ብዙም የማይበልጥ መሆኑን ማነጻጸር ይጠቅማል።

ከፍታ ሌላም ነገር ያመጣል። ካርቡሬተር ነዳጅ የሚመጥነው በአየሩ እፍግታ ካሬ ሥር ሲሆን፣ የአየሩ ክብደት ግን በቀጥታ ከእፍግታው ጋር ይቀንሳል። ውጤቱ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ማብዛቱ ነው። ካንዴላ የሚጠቁረውና ጭሱ የሚሸተው ከዚህ የተነሣ ነው። አንዳንድ ሰው ማርሚታ ቀይሮ መኪናው «ቀለለው» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን መካኒኩ ካርቡሬተሩንም ስላስተካከለለት ነው።

ተቃራኒው አደጋ ደግሞ ቁልቁል ሲወረድ ይመጣል። ክፍት ማርሚታ የአየሩን ፍሰት በጥቂቱ ይጨምራል፤ በዚህም ላይ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ ቢወርድ፣ አየሩ እየከበደ ሲሄድ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሲሊንደሩን ያግላል፤ የቆላው ሙቀትም ይጨመርበታል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ጠቋሚው ከፍ ሲል ያስጠነቅቃል። ቮልስ ግን የሙቀት ጠቋሚ የላትም። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል በፊት በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በ3ኛው ሲሊንደር አየር መንገድ ላይ ስለተቀመጠ፣ ይህ ሲሊንደር የሚደርሰው ቀድሞ የሞቀ አየር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ጩኸት ኃይል ነውን?

ክፍት ቱቦ የተገጠመለት መኪና ፈጣን ይመስላል። ጆሮ ጩኸትን ከጉልበት ጋር አያይዞ ይተረጉማል። ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። ከማርሚታው 1 ሜትር ርቀት ላይ 100 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ጆሮ የሚያደነቁር ነው። በዚያ ርቀት የድምፁ ጥንካሬ በካሬ ሜትር 0.01 ዋት ነው። ድምፁ በግማሽ ሉል ቢሰራጭ ስፋቱ 6.3 ካሬ ሜትር ስለሆነ ጠቅላላው የድምፅ ኃይል 0.06 ዋት ብቻ ነው። የሞተሩ ኃይል 25,000 ዋት ነው። ማርሚታው ድምፁን ሲያፍን ከሞተሩ የሚወስደው ኃይል ይህን ያህል ኢምንት ነው።

በሌላ በኩል 10 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁን ጥንካሬ አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ጎረቤት የሚያነጋው፣ ሕፃን የሚያስደነግጠው፣ በረጅም ጉዞ የሾፌሩንም ጆሮ የሚያደክመው ይኸው ነው። አራተኛውን ወገን፣ ክፍቱን ቱቦ፣ ያለ ብዙ ክርክር የምንተወው ስለዚህ ነው።

የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ

ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ጉዳይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ኦክስጅን ከሚጣበቀው ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ሁኔታ ይጣበቃል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚያወጣና ከፍታ ላይ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ቀድሞውንም ያነሰ መሆኑን ስናስብ፣ ደጋ ላይ አደጋው ድርብ ይሆናል።

በቮልስ ላይ የተሳፋሪዎቹ ማሞቂያ ከጭሱ ጋር የሚለያየው በአንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። በማሞቂያ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቱቦ ዝጎ ቢበሳ ጭሱ ከሞቀው አየር ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1963 ሞዴል በፊት በነበሩት ላይ ደግሞ የሚገባው አየር በቀጥታ በሲሊንደሮቹ ላይ ያለፈው ስለሆነ በቴስታታው በኩል የሚያፈስ ጓርኒሲዮን ሁሉ ያሰጋል። በአዲሶቹም ቢሆን በሞተሩ ክፍል ውስጥ የሚያመልጥ ጭስ በማራገቢያው ተስቦ ወደ ማሞቂያው ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ማርሚታ ሲቀየር ጓርኒሲዮኖቹ ሁሉ በአዲስ መተካት አለባቸው። የማሞቂያ ሣጥኖቹም ተፈትተው በብርሃን መታየት ይገባቸዋል። ሞተሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በሚኒሞ እየሠራ አይፈተሽ። በጉዞ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማ ማሞቂያውን ዘግቶ መስኮቶቹን በሙሉ መክፈት፣ መኪናዋን አቁሞም ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው።

«ታዲያ ማሞቂያውን ጨርሶ ማውጣት አይሻልምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በሣጥኖቹ ፋንታ ቀጥ ያለ ቱቦ መግጠም ይቻላል። በዚህ ጊዜ ከማራገቢያው ወደ ሣጥኖቹ የሚወርዱት ሁለት የአየር መውጫዎች በደንብ መደፈን አለባቸው፤ አለዚያ ለሲሊንደሮቹ የታሰበው ማቀዝቀዣ አየር በከንቱ ይባክናል። በክረምት ደግሞ የፊት መስታወቱን ጉም የሚያጠራ ሙቅ አየር አይኖርም። ማየት ያልቻለ ሾፌር የሚያደርሰው አደጋም ቀላል አይደለም።

ብረቱና ዝገቱ

ማርሚታ የሚዝገው ከውጭ ብቻ አይደለም። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር ያህል ውኃ ይፈጠራል፤ ሃይድሮጅኑ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ለአጭር ርቀት ብቻ በምትነዳ መኪና ላይ ግን በቀዝቃዛው ማርሚታ ውስጥ ተጠራቅሞ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ቀጭን ላሜራ ያለው ርካሽ ማርሚታ ቶሎ የሚበሳው ለዚህ ነው፤ ሲገዙ ክብደቱን በእጅ መመዘን መልካም ነው።

የማይዝግ ብረት ለዝገት መድኃኒት ነው። ሆኖም በሙቀት የመለጠጥ ጠባዩ ከተራው ብረት ይበልጣል። 1 ሜትር ቱቦ በ500 ዲግሪ ሲግል ተራው ብረት 6 ሚ.ሜ. ሲረዝም፣ የማይዝገው 8.5 ሚ.ሜ. ያህል ይረዝማል። መላወሻ የሌለው ጠንካራ ብየዳ ከሆነ ይህ መለጠጥ ቴስታታው ላይ ያሉትን ቡሎኖች ይስባል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ የቡሎን ጥርሱ በቀላሉ ይበላሻል። አሮጌውን ማርሚታ ሲፈቱም ዳዶዎቹን አስቀድሞ ዘይት ማጠጣትና ባለመቸኮል መሥራት ይገባል። አዲሱ ከተገጠመና ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

እንዴት ይመረጥ? እንዴትስ ይለካ?

ከላይ ያየነውን ስንጠቀልል ምርጫው ይጠባል። በየዕለቱ ለምትነዳ፣ ሞተሯ ላልተነካካ ቮልስ የፋብሪካውን ቅርጽ የተከተለው፣ ወፍራም ላሜራ ያለው ባለ ሁለት ጅራት ማርሚታ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። አራቱንም ተግባራት የሚያሟላው እርሱ ነው። «አራት በአንድ» የሚፈልግ ሰው ቱቦው 35 ሚ.ሜ. የሆነውን፣ የካርቡሬተር ማሞቂያ መጋጠሚያ ያለውን፣ ከፋብሪካው የማሞቂያ ሣጥኖች ጋር የሚገጥመውንና ትልቅ ድምፅ ማፈኛ የተያያዘለትን ይምረጥ። ወደ ታች የሚንጠለጠለውንም ይተው። ከመሬት 15 ሴ.ሜ. ያህል ብቻ ከፍ የምትል መኪና በእኛ ኮረኮንች መንገድ ላይ የቱቦ መገናኛዋን ማትረፍ ይቸግራታል። ቀሪዎቹ ሁለት ወገኖች ባለቤቱ ለድምፃቸው ካልወደዳቸው በቀር ጥቅም የላቸውም።

ተማሪ አንባቢዎቻችን ግን ይህን ሁሉ በቃላችን እንዲቀበሉ አንጠይቅም፤ መለካት ይቻላልና። ጸጥ ያለና ደልዳላ መንገድ ተመርጦ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በተሳፋሪ እጅ ባለ ሰዓት ይመዝገብ። ንፋስና ተዳፋት እንዲጣፉ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ አምስት ጊዜ ይደገም። ከዚያ ካርቡሬተሩን ሳይነኩ ማርሚታው ብቻ ይቀየርና ልኬቱ እንደገና ይወሰድ። ለምሳሌ የመጀመሪያው አማካይ 15 ሰከንድ ቢሆን፣ 1 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ የሚቀንሰው 0.6 ሰከንድ ያህል ነው። ሰዓት የሚይዝ እጅ ብቻውን 0.2 ሰከንድ ሊሳሳት ይችላል። የአንድ ጊዜ ልኬት ምንም የማያረጋግጠው፣ የአሥር ጊዜ አማካይ ግን የሚናገረው ለዚህ ነው። የልኬቶቹ መበታተን ከልዩነቱ የሚበልጥ ከሆነ ትክክለኛው መልስ «ለውጥ አልታየም» የሚለው ነው።

ይህ ዓይነቱ ፍተሻ የሚጠይቀው አንዲት ቮልስ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ማርሚታውን ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን በማሞቂያ ሣጥኖቹና በጓርኒሲዮኖቹ ላይ ያለው ፍተሻ ይቅደም። ጉልበት ቢጎድል መኪናዋ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣዋለች። ጭስ ወደ ውስጥ ቢገባ ግን የሚተካ ነገር የለም።